የጓንግና የሽንፋ ሙላት፤ ስለ መተማ ቈላ ጎርፍና ስለ ግድብ ታሪክ

ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ወርዶ ከ1000 ሜትር በታች ወደ ሆነ ሰፊ ቈላ ይገባል። ይህ አገር ዛሬ የምዕራብ ጎንደር ዞን ተብሎ የሚጠራው ነው፤ መተማና ቋራ፣ ምዕራብ አርማጭሆም በውስጡ ይገኛሉ፤ ዋና ከተማው ገንዳ ውሃ ነው። መሬቱ ለጥ ያለ ሜዳ፣ አፈሩም በብዙው ስፍራ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲርስ እግር የሚይዝ ጥቁር ዋልካ ነው። ዝናቡ በይበልጥ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ረጅም በጋ ይሆናል። የአገሩም ወንዞች እንደ ዝናቡ ናቸው፤ በክረምት አፍ እስከ ገደፋቸው ሞልተው ይወርዳሉ፤ በበጋ ደግሞ አሸዋና ጠጠር፣ እዚህና እዚያም የቀረ ኩሬ ብቻ ይሆናሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእነዚህን ወንዞች ሙላት ታሪክ መመርመር ነው፤ ይኸውም ሙላቱ የአገሩን ንግድ፣ ጦርነትና ወሰን እንዴት እንደ ገዛ፣ ውሃውን ለመግታት የተሠሩት ግድቦችስ የት እንደ ተሠሩና ማንን እንደ ጠቀሙ ለማየት ነው። የአገራችን ነገር ሲሆን ዘመኑ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ተጽፏል፤ የውጭ አገር ነገር ሲሆን ግን እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት ተደርጎበታል።

አንዱ ወንዝ ሁለትና ሦስት ስም ስላለው አንባቢ እንዳይደናገር አስቀድሞ ስሙን ማቅናት ይገባል። ጓንግ ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን ምዕራብ ካለው ደጋ ይነሣል፤ ወሰኑን ተሻግሮ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል። ትልቁ አንገረብ ከእርሱ በስተ ሰሜን ወርዶ ከዚያው ከአትባራ ይገባል፤ በታችኛው አገር ባሕር ኤል ሰላም ይሉታል። ተከዜም በበኩሉ ሰቲት ተብሎ ሱዳን ውስጥ ከአትባራ ጋር ይገናኛል። በደቡብ በኩል ያሉት ሽንፋና አይማ ግን ፊታቸውን ወደ ሌላ ይመልሳሉ፤ ሽንፋ ረሃድ ተብሎ፣ አይማም ከድንድር ጋር ሆኖ፣ ዐባይን ከካርቱም በላይ ያገኙታል። ስለዚህ በአንዱ በመተማና በቋራ ሰማይ ሥር የዘነበው ዝናብ በሁለት በር ይወጣል ማለት ነው፤ ግማሹ በዐባይ በኩል ካርቱምን አይቶ ያልፋል፤ ግማሹ ደግሞ በአትባራ በኩል ከካርቱም በታች ከናይል ጋር ይቀላቀላል። የጎንደር ከተማን ውሃ የሚያጠጣው አንገረብ ከዚህ ጋር መደባለቅ የለበትም፤ እርሱ ከመገጭ ጋር ወደ ጣና የሚፈስ ሌላ ወንዝ ነው። ተከዜ የሚለው ስም ደግሞ በግእዝ ወንዝ ማለት ከሆነው «ተከዚ» ጋር አንድ ነው፤ እንግዲህ የጥንት ሰዎች ሌላ ስም ሳይፈልጉለት «ወንዙ» ብለው ብቻ ጠርተውታል።

የቋንቋውን ነገር ካነሣን አይቀር፣ አማርኛ በዚህ ጉዳይ ላይ ብልህ ቋንቋ ነው። ጎርፍ ማለት ዝናብ ከተራራና ከሜዳ ላይ ጠርጎ የሚያወርደው ውሃ ነው። ሙላት ማለት ወንዙ ራሱ ከልኩ ማለፉ ነው። ደራሽ ግን ከሁለቱም ይለያል፤ ዝናቡ በሩቅ ደጋ ዘንቦ፣ በቈላው ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ሳይታሰብ የሚመጣው ውሃ ነው። ለቈላ ሰው የሚያስፈራው ይህ ሦስተኛው ነው፤ የሚያስጠነቅቀው ደመና የለምና። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውም ተረት ለዐባይ ይነገር እንጂ ለጓንግም ይስማማል፤ ደራሹ ከደጋው የነቀለውን ዛፍ ይዞ ወሰን ተሻጋሪ ነውና።

ሰው በእነዚህ ወንዞች ዳር መኖር የጀመረው ትናንት አይደለም። በሽንፋ ወንዝ አጠገብ ሽንፋ መተማ 1 ተብሎ በተሰየመው ስፍራ ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ ቈፍረው ያገኙትን በእ.ኤ.አ. 2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል። ስፍራው ከዛሬ 74000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች የሰፈሩበት ነው። በቍፋሮው ንብርብር ውስጥ በዓይን የማይታይ ደቂቅ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ተገኝቷል፤ ይኸውም በሱማትራ ደሴት ቶባ የተባለው ታላቅ እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ ነፋስ ያመጣው ነው። ከዚያ ንብርብር በታችም በላይም የድንጋይ መሣሪያ፣ የአራዊት አጥንትና የሰጎን እንቍላል ቅርፊት አለ። ሰዎቹ አልጠፉም ማለት ነው። የተለወጠው ምግባቸው ነው፤ ከፍንዳታው በኋላ የዓሣው አጥንት በርክቷል።

የዚህ ምክንያቱ ለአገሩ ሰው ግልጽ ነው። ዝናብ ሲያንስ ወንዙ ይቈራረጥና ኩሬ ብቻ ይቀራል፤ ዓሣውም በጠባቡ ውሃ ይታጎራል፤ ያን ጊዜ ትልቅ መረብ ሳያስፈልግ ይያዛል። አጥኚዎቹ ከዚህ ተነሥተው፣ የጥንት ሰዎች እንዲህ ባሉ የክረምት ወንዞች ዳር ከኩሬ ወደ ኩሬ እየተከተሉ ከአፍሪካ ወጥተው ሊሆን ይችላል የሚል አሳብ አቅርበዋል። ይህ የኋለኛው ነገር ገና ብዙ ክርክር የሚያስነሣ ይመስለኛል። የፊተኛው ግን ለእኛ ጉዳይ ይበቃል፤ በዚህ ቈላ ሰው የኖረው በሙላቱና በድርቀቱ መካከል ባለው ልዩነት ነው። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ቢሞላ ወይም ዓመቱን ሙሉ ቢደርቅ ኖሮ ኑሮው ሌላ ይሆን ነበር።

የውጭ አገር ሰዎች ይህን ወንዝ ካዩትና ከጻፉለት መካከል ጄምስ ብሩስ ቀዳሚ ነው። ራስ ኤል ፊል ለተባለው ለዚህ ጠረፍ ገዥነት ማዕርግ ተሰጥቶት የነበረው ይህ ስኮትላንዳዊ፣ በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ወደ ስናር ሲመለስ በዚሁ አልፏል። ነገር ግን ያለፈው በበጋ ስለ ነበረ ሙላቱን ያሳየን ሌላ ሰው ነው። እርሱም ሳሙኤል ቤከር የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ የናይልን የኢትዮጵያ ገባሮች ለመመርመር ከባለቤቱ ጋር መጥቶ በ1853 ዓ.ም. ሰኔ አጋማሽ ላይ በታችኛው አትባራ ዳር ሰፍሮ ነበር። የወንዙ አልጋ ደረቅ አሸዋ ነበር፤ በየኩሬው ጉማሬና አዞ፣ ዔሊና ዓሣ ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። በሌሊት የነጐድጓድ የሚመስል ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፤ ዐረቦቹም ወንዙ መጣ እያሉ ከአልጋው ውስጥ የተኙትን ቀስቅሰው ወደ ዳር አወጡ። ሲነጋ በትናንቱ አሸዋ ላይ 450 ሜትር ያህል ስፋት፣ 5 ወይም 6 ሜትር ጥልቀት ያለው ታላቅ ወንዝ ይፈስ ነበር። በዚያ ስፍራ አንዲት ጠብታ ዝናብ አልወረደችም። ዝናቡ የዘነበው በእኛ ደጋ ነው።

ቤከር በዚያ ሌሊት ከተደነቀው በላይ ያተረፈልን አንድ አሳብ አለ። በእ.ኤ.አ. 1867 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የግብፅን ምድር የሠራው ጥቁር ደለል ከኢትዮጵያ ወንዞች፣ በተለይም ከዐባይና ከአትባራ የመጣ መሆኑን አስረድቷል። የታችኛው አገር ዐረቦች አትባራን ባሕር ኤል አስወድ፣ ማለት ጥቁሩ ወንዝ፣ የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው። በደጋው አርሶ አደሩ በየዓመቱ የሚያጣውን አፈር ግብፅ በየዓመቱ ስትቀበለው ኖራለች። ይህ ነገር በኋላ ዘመን ለግድብ ሠሪዎች ትልቅ መከራ እንደ ሆነ ከዚህ በታች እናየዋለን።

አሁን ወደ መተማ እንመለስ። በ19ኛው መቶ ዘመን መተማ የኢትዮጵያና የሱዳን ነጋዴዎች የሚገናኙባት ታላቅ ገበያ ነበረች፤ ቡናና ሰም፣ ዝባድና ቆዳ፣ ጥጥና ጨው፣ እጅግም የሚያሳዝነው የባሪያ ንግድ በእርስዋ በኩል ያልፍ ነበር። በአካባቢዋ ተክሩር የሚባሉ፣ ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ወገን ለመካ ጉዞ ሲያልፉ በዚያው የቀሩ ሕዝቦች ሰፍረው፣ ጥጥና ማሽላ እያረሱ ይኖሩ ነበር፤ ሹሞቻቸውም በአንድ በኩል ለኢትዮጵያ፣ በሌላ በኩል ለግብፅ መንግሥት ግብር እየከፈሉ በሁለት ኃይል መካከል ዘመናቸውን ገፍተዋል። ይህ ሁሉ ንግድ ግን የበጋ ንግድ ነበር። ሰኔ ሲገባ ወንዞቹ ይሞላሉ፤ ዋልካው ግመልና በቅሎ ይይዛል፤ ንዳዱም ይነሣል። ሲራራ ነጋዴው ወይ ከክረምት በፊት ደጋ መውጣት፣ ወይ እስከ ጥቅምት ድረስ ባለበት መክረም ግዴታው ነበር። ቤከርም ራሱ በ1854 ዓ.ም. ከመተማ ተነሥቶ የረሃድን ዳር ይዞ ወደ ካርቱም የወረደው ዝናቡ ሳይቀድመው ነው።

የጦርነቱም ቀን መቍጠሪያ ከዚህ አይለይም። ዳግማዊ ኢያሱ በ1736 ዓ.ም. ወደ ስናር ዘምተው በድንድር ወንዝ ዳር የተሸነፉት በበጋ ነው። የመሐዲስቶቹ አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በሳር ውሃ ድል አድርጎ ጎንደርን ያቃጠለው በጥር ወር 1880 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ የቈሰሉት መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት መጨረሻ 1933 ዓ.ም. እንኳ፣ ኢጣልያኖች መተማን ይዘው ሳሉ፣ በኋላ ታላቅ ጄኔራል የሆነው ዊልያም ስሊም የመራው የእንግሊዝ ጦር ገላባትን ያጠቃው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ነው። መንገድና አውሮፕላን ባለበት ዘመንም የወንዙ ሕግ አልተሻረም።

ስለ ዐፄ ዮሐንስ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ንጉሠ ነገሥቱ በነጋታው ካረፉ በኋላ ታማኞቻቸው ሬሳውን ይዘው ወደ ደጋ ሲመለሱ፣ በአትባራ ወንዝ አጠገብ የመሐዲስቶቹ ጦር ደርሶባቸው ብዙዎቹ ሬሳውን ሲጠብቁ ወደቁ፤ ሬሳውም ተማረከ። ወሩ መጋቢት ስለ ነበረ ወንዙ ለሸሺውም ለአሳዳጁም አላስቸገረም። ጦርነቱ በሐምሌ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ወገኖች በየዳራቸው ቆመው ውሃ ሲያዩ በከረሙ ነበር። ከተማይቱ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች።

ወሰኑም ቢሆን ከወንዝ ጋር የተያያዘ ነው። በመተማና በገላባት መካከል ያለው ድንበር ጠባብ ሸለቆ ውሃ ነው፤ በበጋ ልጅ የሚሻገረው፣ በክረምት ግን የሚያስፈራ። ከዚያ በስተ ሰሜን ደግሞ ፈሸጋ የሚባለው ሰፊ ለም መሬት በአትባራ፣ በሰቲትና በአንገረብ መካከል ይገኛል። ወንዞቹ በሞሉ ጊዜ ይህ መሬት ከሱዳን መካከለኛ ክፍል ተቈርጦ ይቀራል፤ ከኢትዮጵያ በኩል ግን መግቢያ አለው። በዚህም ምክንያት ለብዙ ዘመን በክረምት የሚያርሰው ከደጋው የወረደ ገበሬ ሆኖ ኖረ። በ1895 ዓ.ም. ሻለቃ ቻርልስ ግዊን የከለለውን ወሰን፣ በ1964 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት የተለዋወጡትን ደብዳቤና ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የተነሣውን ግጭት መዳኘት የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ነገር ግን በካርታ ላይ የተሠመረው መሥመር አንድ፣ ሙላቱ የሚያሠምረው መሥመር ሌላ መሆኑን ያላየ ሰው ክርክሩን ፈጽሞ ሊያስተውለው አይችልም።

ከድንጋይ ግድብ በፊት የወሬና የወረቀት ግድብ ነበረ። አል ማኪን የተባለው የግብፅ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ፣ በ11ኛው መቶ ዘመን በኸሊፋ አል ሙስተንሲር ጊዜ ናይል ስለ ጐደለ ፓትርያርኩ ወደ ኢትዮጵያ ተልኮ ንጉሡን እንደ ለመነና ውሃው እንደ ተለቀቀ ጽፏል። ዐፄ ዓምደ ጽዮን በግብፅ ያሉ ክርስቲያኖች ስለ ተጨነቁ ናይልን እመልሳለሁ ብለው ማስፈራራታቸው በዐረብ ታሪክ ተመዝግቧል። ስለ ንጉሥ ላሊበላም ተመሳሳይ ነገር ይተረካል። እነዚህ ታሪኮች ሁሉ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ውሃው ስለ ማነሱ ይጨነቃሉ እንጂ ስለ መብዛቱ አንዳቸውም አያነሡም፤ በመካከል ስላለው ቈላ ሕዝብም የተናገረ የለም።

ውሉ የመጣው በኋላ ነው። እንግሊዝና ኢጣልያ በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. በተፈራረሙት ስምምነት፣ ኢጣልያ በአትባራ ላይ የናይልን ውሃ የሚለውጥ የመስኖ ሥራ እንዳትሠራ ቃል ገባች። ለአንባቢ የሚያስደንቀው፣ ቃል የገባችው በእጅዋ ስላልነበረ ወንዝ መሆኑ ነው። የውጫሌን ውል በራስዋ መንገድ ተርጕማ ኢትዮጵያን በጥበቃዋ ሥር እንዳለች ቈጥራ ነበርና። ባለቤቱን የጠየቀ የለም። የአድዋ ድል በ1888 ዓ.ም. ያን ትርጓሜ ካፈረሰ በኋላ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት የወሰን ውል ሦስተኛ አንቀጽ፣ በዐባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ የውሃውን መውረድ የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠራ ተስማሙ። በዚህ አንቀጽ ውስጥ ጓንግ ወይም አትባራ፣ ተከዜም ቢሆን አልተጠሩም። የመተማ ወንዝ በአንደኛው ውል የተጠራው ባለቤቱ በሌለበት ነው፤ ባለቤቱ በፈረመበት በሁለተኛው ውል ደግሞ ስሙ የለም።

ከዚያ በኋላ የተሠሩትን የድንጋይ ግድቦች ስንመለከት አንድ የማይዘነጋ ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹ ግድቦች ጎርፍ ለመከላከል አልተሠሩም። በእ.ኤ.አ. 1902 የተፈጸመው የአስዋን አሮጌ ግድብ፣ በ1925 የተፈጸመው የስናር ግድብ፣ በ1966 የተፈጸመው የሮሴሬስ ግድብ ሁሉም የሚሠሩት በአንድ ዘዴ ነው፤ ደለል የበዛበት የክረምት ውሃ በተከፈተ በር ያልፋል፤ በሩ የሚዘጋው ሙላቱ ከበረደ በኋላ ነው፤ የሚጠራቀመውም የሙላቱ ጅራት ነው። ስለዚህ ከታች ላለው ሕዝብ ሙላቱ እንደ ቀድሞው ይመጣበታል። ሙላቱን ራሱን ሙሉ በሙሉ የያዘው የመጀመሪያው በእ.ኤ.አ. 1970 የተፈጸመው የአስዋን ታላቅ ግድብ ነው፤ እርሱም የሚጠብቀው ግብፅን ብቻ ነው። ካርቱም በእ.ኤ.አ. 1946፣ በ1988ና በ2020 በውሃ ስትጥለቀለቅ ስናርም ሮሴሬስም በስፍራቸው ነበሩ፤ ከ1946ቱ በቀር።

ይህን የመጨረሻ ቃል ላቅና፤ በ1946 የነበረው ስናር ብቻ ነው።

በአትባራ ላይ የተሠራው የኸሽም ኤል ግርባ ግድብ ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል። በአስዋን ታላቅ ግድብ ሐይቅ አገራቸው የሰጠመባቸው 50000 ያህል የዋዲ ሐልፋ ኑባውያን በአዲስ ስፍራ እንዲሰፍሩ፣ እርሻቸውም በመስኖ እንዲለማ ተብሎ በእ.ኤ.አ. 1964 ተፈጸመ። ሲሠራ 1 ቢሊዮን ከ300 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ከጓንግ፣ ከአንገረብና ከተከዜ የሚወርደው ደለል በጥቂት ዐሥር ዓመታት ውስጥ ብዙውን ክፍል ሞላው። ስለዚህ በሙላት ጊዜ በሮቹን ከፍቶ ደለሉን ማጠብ ግድ ሆነ፤ በዚህም ጊዜ ጭቃው የበዛበት ውሃ ዓሣውን በብዛት ይገድላል። በአንድ ሕዝብ ስደት ምክንያት የተሠራ ግድብ በሌላ ሕዝብ የአፈር ስደት ተደፈነ። በእ.ኤ.አ. 2017 ደግሞ ከእርሱ በላይ፣ አንዱ በላይኛው አትባራ ላይ በሩሜላ፣ ሌላው በሰቲት ላይ በቡርዳና፣ መንታ ግድብ ተመረቀ።

በኢትዮጵያ በኩል በተከዜ ላይ የተሠራውና በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከ9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይይዛል። የሠሩት ለመብራት ኃይል ነው፤ ሆኖም የክረምቱን ውሃ ስለሚያዘገይ የሰቲትን ሙላት አብርዷል። በጉባ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። በተመረቀ በጥቂት ሳምንት ውስጥ፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም.፣ በሱዳን ሙላት ሆነና ግብፅ ግድቡን ከሰሰች፤ ኢትዮጵያም ግድቡ ባይኖር ጥፋቱ ይብስ ነበር ብላ መለሰች።

እዚህ ላይ የግድብን ጠባይ ማስረዳት ያስፈልጋል። ጎርፍ እንዲገታ የተሠራ ግድብ ክረምት ሲገባ ባዶ ሆኖ መጠበቅ አለበት፤ ባዶ ስፍራ ከሌለው የመጣውን ውሃ በምን ይቀበለዋል? መብራት እንዲያመነጭ የተሠራ ግድብ ግን ሞልቶ መኖርን ይወዳል፤ ውሃው ከፍ ባለ ቍጥር ኃይሉ ይበዛልና። አንዱ ግድብ ሁለቱንም ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን መቼ ምን ያህል ውሃ እንደሚለቀቅ ከታች ያለው አስቀድሞ ሲያውቅ ብቻ ነው። ክርክሩ ሁሉ ከሲሚንቶው ይልቅ በዚህ ማሳወቅ ላይ ነው ቢባል ስሕተት አይመስለኝም።

ለመተማና ለቋራ ሰው ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው። ከላይ የተቈጠሩትን ግድቦች በካርታ ላይ ብናስቀምጣቸው፣ የሕዳሴው ግድብ የዐባይን ዋና ግንድ ይይዛል፤ ሽንፋና አይማ ዐባይን የሚያገኙት በረሃድና በድንድር በኩል ከእርሱ በታች ነው። የተከዜ ግድብ ተከዜን ይይዛል፤ ጓንግና አንገረብ ግን አይነኩትም። የሱዳኖቹ ግድቦች ደግሞ ከወሰኑ ወዲያ ናቸው። ስለዚህ የምዕራብ ጎንደር ቈላ በዙሪያው ብዙ ውሃ ታግዶ ሳለ፣ የራሱ ወንዞች ግን እንደ ቤከር ዘመን ያለ ትልቅ ግድብ ወሰኑን ይሻገራሉ። ጥናት አልታጣም። የአሜሪካ የመሬት ማልሚያ መሥሪያ ቤት ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. የዐባይን ተፋሰስ ሲያጠና ድንድርንና ረሃድን ጨምሮ ተመልክቷል። የተከዜ ተፋሰስም በ1990 ዓ.ም. ገደማ ለብቻው ዋና ፕላን ተዘጋጅቶለታል።

ከዚያው ከአማራ አገር ሳይወጡ የጎርፍ ግድብ እንዴት እንደሚታሰብ ማየት የሚፈልግ ወደ ፎገራ ይሂድ። ርብና ጉማራ ወደ ጣና የሚገቡበት ሜዳ በየክረምቱ ይተኛበታል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ድሬዳዋና ኦሞ በደራሽ ውሃ ብዙ መቶ ሰው ባጡበት ዓመት፣ ፎገራ፣ ሊቦ ከምከምና ደምቢያም ተጥለቅልቀው ሕዝቡ ከቤቱ ተፈናቅሎ ነበር። ከዚያ በኋላ በርብ ላይ 73 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ግድብ ተሠራ፤ ዓላማውም መስኖና ሙላቱን ማብረድ ነው። ነገር ግን ፎገራን ዛሬ በሩዝ ያስጠራት ያው ውሃ የሚተኛበት መሬት ነው። የፎገራ ገበሬ ከጎርፉ ጋር ታርቆ ሩዝ ዘራ፤ ጎርፉ ፈጽሞ ቢቀር ሩዙም በቦይ ውሃ ሊታጠጣ ይገባው ነበር። ጎርፍ የሚያጠፋውና የሚያለማው በአንድ ማሳ ላይ ነው።

በመተማ በኩል ደግሞ የሙላቱ ነገር በዘመናችን የተለወጠው በሰው አሰፋፈር ነው። ቀድሞ አገሩ ሰው የሳሳበት፣ የዕጣን ዛፍና የሽመል ዱር የሞላበት ነበር፤ ንዳዱና ሙላቱ ደገኛውን ያርቁት ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ግን መሬት ያጠረው የደጋ ሕዝብ በመንግሥት ፕሮግራም ወደ መተማና ወደ ቋራ ወርዶ ሰፈረ፤ ሰሊጥና ጥጥ፣ ማሽላም የሚያርሱ ሰፋፊ እርሻዎች ተከፈቱ፤ ዱሩም ተመነጠረ። በደጋ ያደገ ገበሬ ወንዝን የሚያውቀው በገደል ውስጥ ሲወርድ ነው። ሜዳ ላይ ያለ ወንዝ ዳሩን ጥሶ ሲተኛ አላየም፤ በበጋ የሚያየው ለምለም የወንዝ ዳርም ቤት ለመሥራትና አትክልት ለመትከል የሚጋብዝ ነው። ዛፉ የተመነጠረበት ዋልካ ደግሞ አንዴ ከጠገበ በኋላ የዘነበበትን አይቀበልም፤ ውሃውን ወደ ወንዙ ይሰድደዋል። እንደ እኔ አስተያየት ለዚህ አገር ከማንኛውም ታላቅ ግድብ በፊት የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ በጭልጋ ደጋ የዘነበውን ለመተማ ቈላ በዚያው ሰዓት የሚያስታውቅ የውሃ መለኪያና የስልክ መልእክት፣ ከወንዙም ዳር የማይታረስና ቤት የማይሠራበት የዛፍ መቀነት። ሁለቱም ከግድብ እጅግ የረከሱ ናቸው።

ግድብ አይሠራ ማለቴ አይደለም። በበጋ ውሃ የሚቸግረው አገር የክረምቱን ውሃ ማስቀረት መብቱ ነው፤ ሰሊጡን በዝናብ ብቻ የሚያመርት ገበሬ ዝናቡ በሳተ ዓመት ባዶ እጁን ይቀራል። ነገር ግን መሐንዲሱ ሲያሰላ ሙላቱን እንደ ትርፍ ብቻ እንዳይቈጥረው ያስፈልጋል። በቋራ በኩል በ1998 ዓ.ም. የተከለለው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ ወሰኑን ተሻግሮም በእ.ኤ.አ. 1935 የተቋቋመው የድንድር ፓርክ አንድ ዱር ናቸው። በድንድር ውስጥ ማያ የሚባሉ ዝቅተኛ ረግረጎች አሉ፤ ረሃድና ድንድር በክረምት ዳራቸውን ጥሰው ሲወጡ ይሞላሉ፤ በበጋም አራዊቱ ሁሉ የሚጠጣውና የሚግጠው ከእነርሱ ነው። ሙላቱ ባነሰ ዓመት ማያዎቹ ሳይሞሉ ይቀራሉ፤ አራዊቱም ውሃ ፍለጋ ከፓርኩ ወጥተው ወደ እርሻና ወደ መንደር ይሄዳሉ። የሽንፋ ኩሬዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ሰኔ ላይ የመጣው ደራሽ አልጋቸውን ጠርጎ ካልቈፈራቸው፣ በሚያዝያ ዓሣ የሚቀርበት ጥልቀት አይኖራቸውም።